ሁለተኛ ሙያ ላስያዘችኝ መምህርት

ለረጅም ዘመን በሂሳብ ሥራ ኖሬ፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ፖሊመር ክሌይ የሚባለውን እየዳመጥኩ የጆሮና የአንገት ጌጥ እሠራለሁ። እሸጣለሁም። እዚህ ያደረሰችኝ አንዲት መምህርት ናት። በዕድሜ ታንሰኛለች፣ በሙያው ግን ታላቄ ናት። ስሟን እዚህ አልጻፍኩም፣ አደባባይ መውጣት አትወድም። ማመስገኔን ግን ፈቅዳልኛለች።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ፖሊመር ክሌይ ከአፈር የሚገኝ ጭቃ አይደለም። ፒቪሲ የተባለው ፕላስቲክ ከማለስለሻና ከቀለም ጋር ተቀላቅሎ የሚዘጋጅ ነው። አየር ላይ አይደርቅም፣ ስለዚህ ያላለቀን ሥራ ሸፍኖ ነገ መቀጠል ይቻላል። የሚጠነክረው በተራ የቤት ኦቨን ነው፤ እንደ ምርቱ ዓይነት በአብዛኛው ከ110 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይፈልጋል። ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አዲስ ሙያ መጀመር ለሚያምረው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መምህሬን ከሌሎች የምለይበት ነገር ትምህርቱን ከሙቀት መጀመሯ ነው። የኦቨኑ ቁልፍ የሚያሳየውን ቁጥር አትመኑ ትላለች፤ ለብቻው የሚሸጥ ቴርሞሜትር ውስጡ አስቀምጦ ማየት ነው። ሙቀቱ ካነሰ ጌጡ የጠነከረ ይመስላል፣ ትንሽ ሲታጠፍ ግን ቀጭ ይላል። የፕላስቲኩ ቅንጣቶች ከማለስለሻው ጋር ተዋህደው አንድ አካል የሚሆኑት በቂ ሙቀት፣ ለበቂ ጊዜ ሲያገኙ ነውና። ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ይጠቁራል። ከተቃጠለ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ያወጣል፤ ያኔ ኦቨኑን አጥፍቶ፣ መስኮት ከፍቶ፣ ከክፍሉ መውጣት ነው። ክሌይ የነካ መሣሪያም ተመልሶ ለምግብ አይውልም። ይህን ሁሉ በቅጡ ሳልይዝ ወደ አበባና ወደ ቅጠል አላሳለፈችኝም። ደንበኛ ፊት የማላፍርበት ጌጥ የምሠራው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አምናለሁ።

ልቤን የወሰደው ግን ሚሌፊዮሪ ነው። የቬኒስ ብርጭቆ ሠሪዎች የሚታወቁበት ዘዴ ነው። ባለቀለም ዘንጎችንና ስስ ንጣፎችን አጋጥመን አንድ ወፍራም ግንድ እንሠራለን፤ አበባው በግንዱ ውስጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልፋል። ከዚያ ዙሪያውን ቀስ እያልን እየተጫንን እናቀጥነዋለን። ግንዱ እየረዘመ፣ አበባው ቅርጹን ሳይለቅ እያነሰ ይሄዳል። በስለት ሲከተፍ እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ያው አበባ አለ። ስንት ጊዜ ብሠራው ደስታው አይቀንስብኝም። አንዱ ቀለም ከሌላው ከጠጠረ ግን አበባው ይጣመማል፤ ሁሉም እኩል እስኪለሰልስ መታሸት አለበት። መምህሬ በቪዲዮ እያየችኝ የእጄን አያያዝ ስታርም ትዕግሥቷ የሚገርም ነው። ምስሉ እንዳይሸሽ ግንዱን ከመቁረጤ በፊት አሳርፌ እንዳቀዘቅዘው ያስለመደችኝም እሷ ናት።

አንድ ቀን የሷን ሥራ አስመስዬ ስልክላት፣ «ይሄ የኔ ነው፤ እርስዎ የሚያዩትን ያሳዩኝ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የራሴን ቀለሞች መፈለግ ጀመርኩ። የፖሊመር ክሌይ ባለሙያዋ ጁዲት ስኪነር ያስተዋወቀችውን፣ ሁለት ቀለም በሦስት ማዕዘን ቆርጦ እያጠፉ ደጋግሞ በማሽን የመዳመጥ ዘዴ አሳየችኝ። አንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሳይታወቅ የሚሸጋገርበት ነው። ዛሬ ደንበኞቼ ሥራዬን የሚለዩት በዚህ ነው።

ስለ ገንዘቡም አትዋሽም። ገበያው ቶሎ እንደማይመጣ፣ ዋጋ ሲወጣ ጌጡን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ የማሳመሪያው ሰዓት ሁሉ መቆጠር እንዳለበት በግልጽ ትናገራለች። መደበኛ ሥራ ላይ ያሉትን፣ ቋሚ ደንበኛ ሳታፈሩ ሥራችሁን አትልቀቁ ትላቸዋለች። ተማሪ የማብዛት ጉጉት ቢኖራት ይህን አትልም ነበር።

ፈጥኖ ብዙ ጌጥ አምርቶ መሸጥ ለሚፈልግ አልጠቁማትም። ጥቂት ተማሪ ብቻ ስለምትይዝ ወረፋ ሊኖር ይችላል። በእጁ ሠርቶ መርካት ለሚፈልግ ሰው ግን፣ በተለይ ዕድሜዬ ሄዷል ብሎ ለሚያመነታ፣ ከሷ የተሻለ አላውቅም። እጅሽ ይባረክ መምህሬ፤ ጠዋት ስነሳ የምጓጓለት ሥራ ሰጥተሽኛል።

የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ምን መሥራት እንደምትፈልጉ አንድ ሁለት መስመር ጨምሩበት፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው እሱን ነው። የኦቨን ቴርሞሜትሩን ግን ከወዲሁ ግዙ።