ለመገናኛዋ ፋርማሲስት፦ እግዜር ይስጥልን

ቤታችሁ ውስጥ በመድኃኒት የተሞላ ፌስታል ያላችሁ ሁሉ ይቺን አንብቡልኝ። በተለይ እናት አባት የምታስታምሙ።

እናቴ እጇ ላይ ችፌ አለባት። ዓመታት ሆኖታል። ሲብስባት ይሰነጠቃል፣ ይደማል። ሐኪም ያዘዘላት ስቴሮይድ ያለው ቅባት፣ ሰው የሆርሞን ቅባት የሚለው አላት። በዚያ ላይ እህቴ ከሜሪላንድ የላከችላት ትልቅ ጠርሙስ አለ፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ዚንክ አንድ ላይ ያለበት ክኒን። ከአሜሪካ የመጣ ነገር እኛ ቤት እንደ ጠበል ነው፣ ጠብ አይልም።

ታዲያ አንድ ቀን ቡና ላይ ጎረቤታችን "ዚንክና የሆርሞን ቅባት አብሮ አይሄድም፣ ኩላሊት ይጨርሳል" አለቻት። ከየት እንደሰማችው እንጃ። እማዬ ግን ደነገጠች፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን እርግፍ አድርጋ ተወች። እጇም ተቆጣ። በጣም ተቆጣ።

መልስ ፍለጋ ወጣን። እዚህ ላይ ሆዴ ቁስል ነው። ስም አልጠራም፣ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ጋ ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል "ምን ችግር አለው፣ ይውሰዱ" አለን። ጠርሙሱን እንኳን አላየውም። ሌላው ጋ ደግሞ "የእናንተ ቅባት ደካማ ነው" ተባልንና ሌላ ቲዩብ ሸጡልን። ማዘዣ አላችሁ ወይ ያለን የለም። ለስንት ቀን ትቀባዋለች ያለን የለም። ክሎቤታሶል ነበር። ለካ ከስቴሮይድ ቅባቶች ሁሉ በጣም ኃይለኛ ከሚባሉት አንዱ እሱ ኖሯል! ፊት ያቀላል እየተባለ የስንቱን ሴት ቆዳ ያሳሳው ራሱ ነው። ከዚያ አንድ ክሊኒክ ካርድ አወጣን፣ ተኮልኩለን ዋልን፣ ሐኪሙ ከወንበሩ ሳይነሳ "እድሜ ነው እናቴ" ብሎ ሸኘን። እጅ መሰንጠቅ ምኑ ነው እድሜ?

ከገንዘቡም ከድካሙም በላይ ግን አንጀቴን የቆረጠኝ ሌላ ነው። እማዬ እጇን ስትዘረጋ ሰው ትንሽ ወደኋላ ይላል። የሚጋባ ይመስላቸዋል። ችፌ አይጋባም፣ ግን ለማን ታስረጃለሽ? እማዬ ለቅሶ ቤት ስትሄድ መዳፏን ትታ የእጅ አንጓዋን ለሰላምታ መዘርጋት ጀመረች። እጇን ያልታጠበች መስላ። ቤት ስትገባ ደግሞ ነጠላዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። ስንቱን ያጎረሰ እጅ እኮ ነው!

እንግዲህ ወደ እሷ ልምጣ። መገናኛ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ፋርማሲ ናት። የገባነው ቫዝሊን ለመግዛት ነበር። እኔም ተስፋ ቆርጬ፣ እግረ መንገዴን ጠየቅኳት። ልጅቷ አልመለሰችልኝም። ሰዎቹን "አንድ ደቂቃ ታገሱኝ" ብላ ከባንኮኒው ወጣች፣ ለእማዬ ወንበር አቀረበች፣ "እማማ እስቲ እጅዎን ያሳዩኝ" አለች።

እማዬ አመነታች። ልጅቷ ራሷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ እጇን ያዘችው። ጓንት የለ፣ ምን የለ። በሁለት እጇ ይዛ ወደ በሩ ብርሃን አዞረችው፣ በጣቶቹ መካከል አየች፣ "ልብስ በምን ነው የሚያጥቡት?" አለቻት። በረኪና ነዋ! እስከዚያ ቀን ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። እማዬ ዝም ብላ ታያታለች። እኔ ወደ መደርደሪያው ዞሬ የሳል ሽሮፕ የማነብ መሰልኩ፤ እንባዬ መጥቶ ነበር።

ከዚያ "ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር ይዛችሁ ኑ" አለችን። በማግስቱ ፌስታሉን ይዘን ሄድን። ሁሉንም ባንኮኒው ላይ ደረደረችው። የጠርሙሱን ጀርባ ያንን ጉንዳን የሚያክል ጽሁፍ አንድ በአንድ አነበበች።

ያለችን በአጭሩ ይሄ ነው። ቅባቱ ሥራው ቆዳ ላይ ነው፣ ክኒኑ የሚሄደው በሆድ ነው። እንደታዘዘው በልክ ከተቀባ ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው። ዚንኩም ካልሲየሙም ከቅባቱ ጋር የሚጣሉበት ነገር የለም። ዚንኩ ብቻ በቀን ከ40 ሚሊግራም እንዳያልፍ። ይልቅ የሚያሰጋው ያ ኃይለኛው ቲዩብ ነው፤ ያለሐኪም ክትትል ከ2 ሳምንት በላይ አይቀባም። ሰፊ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ከተቀባ ወደ ደም ገብቶ አጥንትንም ይጎዳል። ልኩንም በራሷ ጣት አሳየችን፦ ከሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የወጣ ቅባት ለሁለት መዳፍ የሚያህል ቦታ ይበቃል።

ይሄ ብቻ ቢሆን በቂዬ ነበር። ግን ፌስታሉ ውስጥ ካሉት አንዷን ትንሽ ክኒን አነሳችና "ይቺን መቼ ነው የሚውጡት እማማ?" አለች። የእንቅርት ቀዶ ጥገና ካደረገች ወዲህ የምትወስዳት የታይሮይድ ክኒን ናት። እማዬም በኩራት "ጠዋት፣ የአሜሪካውን ከመተዌ በፊትማ ሁሉንም በአንድ ጉርሻ፣ ከቡናዬ ጋር" አለቻት።

ልጅቷ ቆም አለች። ለካ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው! ካልሲየሙ ያቺን ክኒን ሆድ ውስጥ ይይዛታል፣ ወደ ደም እንድትገባ አይለቃትም። ቡናውም አይረዳትም። እንዴት እንደሚይዛት አስረድታኝ ነበር፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይሄ ነው፦ የታይሮይዷ ክኒን ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ። ቡናና ቁርስ ቢያንስ ከግማሽ ሰዓት በኋላ። የአሜሪካው ጠርሙስ ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ተራርቆ። እማዬ ስንት ጊዜ "ደከመኝ፣ በረደኝ" ስትል እኛ እርጅና ነው ስንል ኖረናል።

መጠኑን ግን አልነካችም። "ይሄ የሐኪማቸው ሥራ ነው" ብላ ያየችውን ሁሉ በወረቀት ጻፈችልን፣ የታይሮይድ ምርመራ እንዲደገም ጭምር። ሐኪሙ ወረቀቱን አንብቦ "ይህን የጻፈው ማነው?" አለ። ምርመራውም ታዘዘ፣ ቅባቱም ወደ ቀድሞው ተመለሰ።

ስንት ሸጠችልን መሰላችሁ? አንድ ቫዝሊን፣ እሱም እኛው ልንገዛው የመጣነውን! ገንዘብ ልጨምርላት ብል ተቆጣችኝ። እማዬ "ልጄ፣ ወልደሽ ሳሚ፣ እጅሽ ይባረክ" እያለች መርቃ መርቃ አልበቃትም፣ በበዓሉ ድፎ ዳቦ ላከችላት። እጇ ዛሬ ድኗል አልልም፣ ችፌ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም። ግን አይደማም። በረኪናውን እኔ ነጥቄያታለሁ። አልፎ አልፎ ስለምንጨቃጨቅበት እሱን እንተወው።

ስሟን እዚህ ብለጥፍ ደስ እንደማይላት ስለማውቅ አልጻፍኩትም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ሂዱ፣ እውነቴን ነው ሂዱ። ጠዋት ሰው ስለሚበዛባት ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ከውጭ የተላከውን ቫይታሚንም፣ ጎረቤት ያዋሳችሁንም ቅባት፣ ስሙ የጠፋውንም ቲዩብ።