ሁለት ሊትር የምትይዝ የጥጃ ጡጦ፦ ያለ ወሯ በተወለደች ጥጃ የሞከርኳት

ስለዚህች ጡጦ ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ። ዕቃዋ ትንሽ ናት። ነጭ ፕላስቲክ፣ ሁለት ሊትር የምትይዝ፣ አፏ ላይ ቀይ የላስቲክ ጡት የሚጠመጠምባት። ደሴ ውስጥ ከአንድ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ነው የገዛኋት። ማርክ የላትም። ዋጋዋ ከአንድ ኩንታል ፉርሽካ በብዙ ያንሳል። ታኅሣሥ 9 ሌሊት እሷ ባትኖር ምን እሆን ነበር ብዬ ሳስብ ግን አሁንም ይጨንቀኛል።

የምንኖረው ቦሩ ሜዳ ነው። ከሳውዲ ስመለስ ባጠራቀምኳት ብር ሁለት ጊደር ገዛሁ። ዛሬ ሰባት ላሞች አሉኝ፤ አምስቱ ድቅል፣ ሁለቱ የአገር ዘር። የቤታችን ኑሮ በነሱ ላይ ነው። ሜዳው ደጋ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይህን የምናገረው ለጥጃ ነገር ብርዱ ትልቅ ቦታ ስላለው ነው።

ጡጦዋን ለምን እንደገዛሁ ላስቀድም። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ጊደሬ ደካማ ጥጃ ወለደች። መቆም አቃተው። እንገሩን አለብኩና በሃይላንድ ላስቲክ አፉ ውስጥ አንቆረቆርኩለት። ሰፈሩ ሁሉ እንደዛ ነው የሚያደርገው፤ እኔም ሌላ መንገድ አላውቅም ነበር። ሳለ። በአፍንጫው ወተት ወጣ። በሦስተኛው ቀን ትንፋሽ እያጠረው ሞተ። ቆይቼ ለሐኪም ስነግረው ወተቱ ወደ ሳንባው ገብቶ እንደነበር አስረዳኝ። በረሃብ አልሞተም ማለት ነው። ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ። ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም። በሳምንቱ ደሴ ወርጄ ጡጦዋን ገዛሁ።

ከዚያ በኋላ የተወለዱት ጥጆች ሁሉ ጤነኛ ስለነበሩ ወተት ለማጠጣት ብቻ ነበር የምጠቀምባት። ጠንካራ ጥጃ በምንም ዕቃ ቢሰጡት ይጠጣል። የጡጦ ፈተናዋ ደካማው ጥጃ ነው።

ሸጋ የምላት ላም አለችኝ፤ ጥቁርና ነጭ ድቅል። መጋቢት 28 ነው አዳቃዩ መጥቶ ያዳቀላት። ቀኑን ደብተር ላይ ጽፌዋለሁ። ላም የምታረግዘው ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ገደማ ስለሆነ የጠበቅኳት ጥር 3 አካባቢ ነበር። ከኅዳር መጀመሪያ ጀምሮ ነጥፋለች። ለጥምቀት ወተቷ ይደርሳል ብዬ ለክርስቲያን ጎረቤቶቼ ቃል ገብቼ ነበር።

ታኅሣሥ 9 ማታ ግን ድርቆሹን ሳትነካ ቆመች። ከሌሎቹ ተለይታ ጥግ ያዘች። ሆዷን የነፋት መሰለኝ። እናቴ ፋኖስ ይዛ ገባችና ከኋላዋ አየቻት። «ልጄ፣ ግቷ ተወጥሯል። የጭራዋም ሥር ላልቷል። ይቺ ልትወልድ ነው» አለችኝ። አላመንኳትም። ገና 24 ቀን ይቀራታል። ሌሊት አምስት ሰዓት ላይ ወለደች።

ጥጃዋ ሴት ነበረች። አቅፌ ሳነሳት ክብደቷ ገረመኝ። ሚዛን የለንም፤ ግን ከሃያ ኪሎ አትበልጥም። ፀጉሯ አጭርና ልስልስ ነው። ሰኮናዋ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ትተነፍሳለች፤ ግን በቶሎ በቶሎ፣ እንደምታቃስት ሆና። ባለቤቴ በጆንያ ያሻት ጀመር። እኔ ወደ ሐኪሙ ደወልኩ። እንደዛ ባለ ሰዓት ከደሴ ተነስቶ የሚመጣ ሰው የለም፤ መንገዱም አያስኬድም። አላህ ይስጠውና ስልኩን አነሳ።

«እህቴ፣ አብሽሪ» አለኝ መጀመሪያ። «አሁን ወተት አትስጫት። መጀመሪያ ትሙቅ።»

እኔ ደግሞ ቸኩዬ ጡጦዋን ይዤ ቆሜ ነበር።

የነገረኝን በሙሉ እጽፈዋለሁ፣ ጡጦዋ የምትጠቅመው ከዚህ ጋር ስለሆነ። ጥጃዋን በጎኗ አታስተኟት፣ በደረቷ አስቀምጧት አለ፤ ሁለቱም ሳንባ እንዲሠራ። አፍንጫዋን በገለባ ነካ ነካ አድርጉት፣ ታስነጥስ። በደረቅ ጨርቅ እስክትደርቅ እሹ። እትብቷን አዮዲን ውስጥ ንከሩት። ሙቅ ውኃ በላስቲክ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ፣ በግራና በቀኝ አድርጉላት። እናቴ ከሰል ልታቀጣጥል ነበር። እሱን በፍጹም አለ። በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ ትልቁንም ሰው ይገድላል፤ ያልጠናማ ሳንባ እንዴት ይችለዋል?

ከዚያ ዋናውን ነገረኝ። «ጣትሽን ታጠቢና አፏ ውስጥ አስገቢ። ከጠባችው ጡጦው ይሰጣታል። ካልጠባችው አንድ ጠብታ እንዳትሰጫት። የማይጠባ ጥጃ የሚመገበው በቱቦ ነው፤ ቱቦውን ደግሞ የሚያስገባው የለመደ ሰው ነው።»

ጣቴን አስገባሁ። ምንም የለም። ምላሷ ቀዝቃዛ ነበር። ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

አንድ ሰዓት ተኩል አሸናት። እናቴ ዱዓ ታደርጋለች፣ ባለቤቴ ውኃ ያሞቃል። ጆሮዋ መሞቅ ጀመረ። እንደገና ጣቴን አስገባሁ። ምላሷ ጣቴን ጠቅለል አደረገውና ሳብ አደረገችው። ደካማ ነው፤ ግን ጠባች። አልቅሻለሁ፣ አልደብቅም።

የሸጋ እንገር ጊዜዋ ስላልደረሰ ትንሽ ነበር፤ ሩብ ሊትር ቢሞላ ነው። እዚህ ላይ የረዳኝ ፍሪጃችን ነው። ጥቅምት ላይ ሌላዋ ላሜ ስትወልድ የተረፈውን እንገር በላስቲክ አድርጌ በረዶ ቤቱ ውስጥ አስቀምጬ ነበር። እሱን አወጣሁ። ማቅለጫውን ተጠንቀቁ። እንገር እሳት ላይ ሲጣድ እንደሚረጋ ሁላችንም እናውቃለን፤ የምንበላውም ረግቶ ነው። የረጋ እንገር ለጥጃ አይሆንም። እጅ በሚችለው ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ላስቲኩን ነክሮ ቀስ ብሎ ማቅለጥ ነው። ሲጠጣ ከሰውነቷ ሙቀት ጋር እኩል ቢሆን ጥሩ ነው፤ 38 ወይም 39 ዲግሪ።

የጡጦዋ ችግር የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ጡቱ ላይ ያለው ቀዳዳ ትልቅ ነው። ፋብሪካው በመስቀል ቅርጽ ቆርጦታል። ጡጦዋን ስገለብጣት ወተቱ እንደ ቧንቧ ወረደ። ለጠንካራ ጥጃ ልክ ነው፤ ያለ ወሯ ለተወለደች ጥጃ ግን ያው የሃይላንዱ ነገር ነው። ልቤ ቀጥ አለ። ስልኩ አልተዘጋም ነበርና ሐኪሙን ጠየቅኩት። ጡጦዋን አትገልብጫት፣ አጋድመሽ ያዣት፣ ወተቱን እሷ ትሳበው አለኝ። አንገቷን ወደ ላይ አታቅኚ፣ እናቷን ስትጠባ በምትሆንበት ከፍታ ይሁን። ሦስት አራቴ ስትውጥ አውጪላት፣ ትተንፍስ።

እንደዛ አደረግን። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ ሊትር ጠጣች። ለዚያች ግማሽ ሊትር ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀን። አልሳለችም። አሥር ሰዓት ላይ ደገምናት፣ ሊነጋ ሲል ሠለስናት።

የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ለምን እንደሚያስጨንቁ ያን ሰሞን ነው በደንብ የገባኝ። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ መከላከያ የለውም። የሚያገኘው ከእንገር ነው። ያንን የሚያሳልፈው አንጀቱ ደግሞ ከሰዓት ወደ ሰዓት እየተዘጋ ሄዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። ስለዚህ ነገ ማታ የሚሰጥ አንድ ባልዲ እንገር ዛሬ ሌሊት ከተሰጠ ግማሽ ሊትር ያንሳል። እኛ አገር ላም ስትወልድ እንገሩ ለጎረቤት ይዳረሳል። ደስ የሚል ወግ ነው፤ እንዲቀርም አልፈልግም። ግን ጥጃው ይቅደም። ከክብደቱ አንድ ዐሥረኛውን ያህል በመጀመሪያው ቀን ይጠጣ፣ ከዚያ ጎረቤት ይጠራ።

ጠዋት ሐኪሙ በባጃጅ መጣ። ጥጃዋን አይቶ ሳንባዋን አዳመጠ፣ መድኃኒትም ወጋት። የሸጋ እንግዴ ልጅ አልወጣም ነበር። ያለ ጊዜዋ የወለደች ላም ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይሆናል። የሰፈር ሰው እንጎትተው ሲል ከልክሎ ነው የሄደ፤ መጎተት ማህፀኑን ይጎዳል። መድኃኒት ሰጣት፣ በአራተኛው ቀን ወጣ። በጓንት አንስተን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቀበርነው። ውርጃ ወይም ያለ ጊዜ መውለድ ሲያጋጥም ብሩሴሎሲስ የተባለውን ከብት የሚያስወርድ በሽታ መጠርጠር ግድ ነው፤ ወደ ሰው ይተላለፋል። በባዶ እጅ አትንኩ፣ ጥሬ ወተት አትጠጡ። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ደሟን ወስዶ ኮምቦልቻ ወዳለው የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ላከልን። ነፃ ሆነች፣ አልሐምዱ ሊላህ። ከዚያ ሐኪሙ የድርቆሹን ክምር ፈትሾ ሥሩ ዝናብ ገብቶት መሻገቱን አሳየኝ። የሻገተ መኖ ለእርጉዝ ላም ክፉ ነው። ያን ቀኑን አውጥተን ጣልነው።

አሁን ወደ ጡጦዋ ልመለስ፤ ልትገዙ ለምታስቡ።

አያያዟ ጥሩ ነው። ወገቧ ላይ ጎድጎድ ስለሚል በአንድ እጅ ይዛችሁ በሌላው የጥጃዋን አገጭ መደገፍ ትችላላችሁ። ከባልዲ ይልቅ የምወዳት ምን ያህል እንደጠጣች ስለማውቅ ነው። ደካማ ጥጃ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ነው የሚጠጣው፤ በግምት አይሆንም። ያሳዘነኝ የሊትር መስመሮቿ በጥቂት ወራት እጥበት መጥፋታቸው ነው። በሚስማር ጭሬ መልሼ አወጣኋቸው። ስትገዙ ቁጥሩ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ከሆነ ምረጡት።

ክዳኗ በደንብ ካልተጠመጠመ ያንጠባጥባል። አንገቷ ጠባብ ስለሆነ የወተቱ ቅባት ከታች ይቀራል። እጅ አይገባም። ረጅም ብሩሽ ያስፈልጋችኋል፤ እኛ እንጨት ጫፍ ላይ ንጹሕ ጨርቅ አስረን ነው የምናጥባት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማለቅለቅ፣ ከዚያ በሙቅ ውኃና በሳሙና። ካልታጠበች ጥጃውን ያስቀምጠዋል፤ ትንሽ ጥጃ ደግሞ ተቅማጥ አይችልም።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ጡቱ ነው። የሸጠልኝ ሰው «ሁሉም ጥጃ ይጠጣበታል» ብሎኝ ነበር። ስለ ቀዳዳው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንዲህ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ስለ ደካማ ጥጃ መናገር አለበት፤ ለሚገዛው ሰው ነፍስ ነው የሚሸጠው። በኋላ ሌላ ቦታ ያልተቀደደ ጡት ለብቻው አገኘሁና ሁለት ገዛሁ። አንዱን በጋለ መርፌ በሳሁት። ሲገለበጥ ጠብ ጠብ ይበል፣ አይፍሰስ፤ ልኩ እሱ ነው። አሁን ጠባቡ ቀዳዳ ለደካማ፣ ሰፊው ለጠንካራ ብዬ ሁለቱንም በክር አስሬ አስቀምጣለሁ። በብርድ ጊዜ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ከመስጠታችሁ በፊት ሙቅ ውኃ ውስጥ ነከር አድርጉት።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣታለሁ። ጡቱ ቢስተካከል አምስት ነበር። ግዙ ብዬ እመክራለሁ፤ ግን ላማችሁ ሳታምጥ ግዙ። ገዝታችሁም አታስቀምጧት፤ በዚያው ቀን ውኃ ሞልታችሁ ገልብጧትና ቀዳዳውን እዩ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተጠቀምኩባት ቀዳዳውን ልብ ያልኩት በዚያች ሌሊት ነው።

ጥጃዋን እናቴ «ችኩሊት» አለቻት። በሁለተኛው ቀን ማታ ቆመች። በዐሥረኛው ቀን ጡጦዋን ከእጄ ልትነጥቀኝ ትታገል ጀመር። ዛሬ ሣር ትግጣለች፤ ከእኩዮቿ ትንሽ ታንሳለች እንጂ ጤነኛ ናት። ትናንት የወዲያ ሰፈር ጎረቤታችን ላሟ መንታ ወልዳ አንደኛው ደክሞባት ልጇን ልካ ጡጦዋን ተዋሰችኝ። ጠባቡን ጡት ገጠምኩለት። ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ጣቷን አስገብታ እንድታይ ነግሬው፣ ሁለት ጊዜ አስደግሜው ነው የሸኘሁት።