ስፒከር ወይስ ባለ ሽቦ ሄድፎን? የሾስታኮቪችን ሰባተኛ ደሴ ላይ ለመስማት

«ስፒከር ልግዛ ወይስ ሄድፎን?» በዚህ ወር ብቻ አራት ሰው ጠየቀኝ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ደሴ ፒያሳ ቡና በጠጣን ቁጥር ስለ ሩሲያዊው የሙዚቃ ደራሲ ዲሚትሪ ሾስታኮቪች ሰባተኛ ሲምፎኒ፣ ለትልቅ ኦርኬስትራ ስለተጻፈው ረጅም ሙዚቃ፣ ሳላወራ አልነሳም። ጓደኞቼ ቤታቸው ሄደው ይከፍቱታል። ከዚያ ይደውላሉ። «አንተ፣ ሰባት ደቂቃ አካባቢ ድምፁ ጠፋ። ፋይሉ ተበላሽቷል መሰለኝ።»

ፋይሉ ደህና ነው። እዚያ ጋ አንዲት የወታደር ከበሮ ከሩቅ ትጀምራለች። ትሰማለች ለማለት ያስቸግራል። የክር መሣሪያዎቹም በጣት እየተነኩ አንዲት ቀላል ዜማ ያንሾካሹካሉ። ያቺው ዜማ አሥራ ሁለት ጊዜ ትመላለሳለች። በየዙሩ ሌላ መሣሪያ ይገባል። መጨረሻ ላይ ከመቶ በላይ ሙዚቀኛ፣ ለብቻው የተጨመረ የመለከት ጓድ ጭምር፣ እላያችሁ ላይ ይመጣል። ይህን ሁሉ፣ ሹክሹክታውንም ጩኸቱንም፣ ድምፁን ሳትነካኩ የሚያሰማችሁ ዕቃ ነው የምትፈልጉት።

ስለዚህ ሳላድበሰብስ ልናገር። ባለ ሽቦ ሄድፎን ግዙ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ግን መጀመሪያ እንዴት እንደተበላሁ ማውራት አለብኝ።

አምና አራዳ ካለ አንድ ሱቅ ብሉቱዝ ስፒከር በ2,800 ብር ገዛሁ። የጠራልኝ 3,500 ነበር። ተከራከርኩ፣ ወጣሁ፣ ተመለስኩ፣ 700 ብር አስቀነስኩ። ኮራሁ። የታወቀ ፋብሪካ ምልክት ተለጥፎበታል። ሻጩም «ወላሂ ኦሪጅናል ነው፣ አብሽር» አለኝ። በእጄ ስይዘው ከበደኝ። ከባድ ዕቃ ጥሩ ዕቃ ነው ብዬ አመንኩ።

ለሠርግ ዘፈን ምንም አይወጣለትም። ሰባተኛውን ስከፍት ግን ከበሮዋ የለችም። ድምፁን ጨመርኩ። መጣች። ዙሩ እየገፋ ሲሄድ ስፒከሩ ጠረጴዛው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያ ሁሉ መለከት ተደባልቆ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ በረዶ ሆነ። ወፍራሞቹ ድምፆች ጭራሽ አልነበሩም።

ያኔ አከራዬ እማማ በሩን አንኳኩ። «ልጄ፣ ይሄ የምን ከበሮ ነው?» አሉኝ። የ2014ን ጥቅምትና ኅዳር፣ የጦርነቱን ጊዜ፣ ደሴ ላይ ያሳለፈ ሰው እየቀረበ የሚመጣ የሰልፍ ከበሮ በግድግዳ በኩል መስማት አይወድም። አፈርኩ። ወዲያው አጠፋሁት።

በአራተኛው ወር ቻርጁ ከ40 ደቂቃ አላልፍ አለ። ይህ ባለ አራት ክፍል ሲምፎኒ እንደ ኦርኬስትራው መሪ ከ70 እስከ 85 ደቂቃ ይፈጃል። አሜሪካዊው መሪ ሌናርድ በርንስታይን እ.ኤ.አ. በ1988 ከቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ጋር የቀዳው በሁለት ሲዲ ነው የወጣው፤ የመጀመሪያው ክፍል ብቻ ግማሽ ሰዓት ያልፋል። የኔ ስፒከር ሁለተኛው ክፍል ላይ «ኪው» ብሎ ይሞታል። ሦስተኛው ክፍል እንዴት እንደሚጀምር ለሁለት ወር አላወቅሁም።

ወደ ጥገና ወሰድኩት። ልጁ ፈታው፣ አየውና ሳቀ። «ጋሼ፣ ይቺን ይመልከቱ» አለኝ። ውስጡ በሲሊኮን የተለጠፈ ቁራጭ ብረት አለ። ምንም ሥራ የለውም። ክብደቱ እሱ ነው። በጎንና በጎኑ ያሉት ጎማዎችም፣ ባስ ይሰጣሉ የተባሉት፣ ዝም ብለው የተጣበቁ ናቸው። ባትሪው ላይ አቅሙ 9900 ሚሊአምፒር ሰዓት ተብሎ ተጽፎበታል። እንዲህ ዓይነቱ ክብ ባትሪ ግን ኦሪጅናል ሲሆን እንኳ ከ3500 ብዙም አይዘልም። ለአዲስ ባትሪ 350፣ ለእጅ 200 ከፈልኩ። ደምሩት፤ 3,350። መጀመሪያ ከተጠራልኝ ዋጋ ያተረፍኩት 150 ብር ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሄድፎኑ። ሰኞ ገበያ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ በ1,100 ብር አገኘሁት። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ቆዳ ተልጦ ነበር። ልብስ ሰፊ በ120 ብር እስፖንጅ ሰፋልኝ፤ አያምርም፣ ይመቻል። በወሩ የግራው ጆሮ ጠፋ። የተቆረጠው እንደተለመደው ጃኩ፣ ስልክ ላይ የሚሰካው ጫፍ፣ አንገት ላይ ነው። የመጀመሪያው ጠጋኝ በየደውና በሦስተኛው ቀን ለቀቀ። ሁለተኛው ምክንያቱን አሳየኝ። በውስጡ ያሉት ቀጫጭን ሽቦዎች ቀለም የተቀቡ ናቸው፤ ቀለሙ በላይተር ተቃጥሎ ካልተጠረገ ብየዳው አይዝም። 150 ብር ከፈልኩ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልነካሁትም። ለምትወስዱት ጠጋኝ ይህን ብቻ ጠይቁት፤ «ቀለሙን ታቃጥለዋለህ?»

ስልካችሁ የጃክ ቀዳዳ ከሌለው ታይፕ ሲ መቀየሪያ ይጨመራል። እዚህም ተበልቻለሁ። የ180 ብሩን ስልኬ ጭራሽ አላወቀውም። ርካሾቹ ውስጣቸው ድምፁን የሚቀይር ዕቃ የላቸውም፣ ዝም ብለው ሽቦ ናቸው። የ450ው ሠራ። በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ እንዳትከፍሉ። የሄድፎኑ ጠቅላላ ወጪ ከነሞኝነቴ ልክ 2,000 ብር ሆነ። ከስፒከሩ በ1,350 ያንሳል።

ገመድ አልባዎቹ ትንንሾቹስ? አንዱ ይጠፋል። አለፍኳቸው።

ፋይሉንም ችላ አትበሉ። ሙዚቃ ቤት በፍላሽ የሚገለብጡላችሁ አብዛኛውን ጊዜ 128 ኤምፒስሪ ነው (ቁጥሩ በሴኮንድ ስንት ኪሎቢት እንደሆነ ነው፤ ሲያንስ ጥራቱም ያንሳል)፤ ሙሉው ሲምፎኒ 70 ሜጋ ባይት ገደማ ይሆናል። በእሱ ሄድፎን መገምገም ዕቃውን መበደል ነው። 320ው 180 ሜጋ ባይት አካባቢ ነው፤ የዳታ ዋጋ ቢያስለቅስም እሱን አውርዱ። ሦስተኛውና አራተኛው ክፍል ሳያቋርጡ ይያያዛሉ። ማጫወቻችሁ መሃል ላይ ፋታ የሚከት ከሆነ ቀይሩት። መሪው ቶስካኒኒ እ.ኤ.አ. በ1942 ለአሜሪካ ሬዲዮ ያቀረበው ቅጂ ለታሪኩ ይሰማል፤ ዕቃ ለመፈተን አይሆንም፣ ሞኖ ነው፤ በሁለቱም ጆሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ድምፅ ነው።

ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛዬ ግን አልተረታም። «ሌኒንግራድ ራሷ በድምፅ ማጉያ አይደል የሰማችው?» አለኝ። ጥሩ አድርጎ ያዘኝ። እውነቱን ነው። ሾስታኮቪች ሰባተኛውን የሰጠው ለዚህች ከተማ፣ ለዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ ነው። ነሐሴ 3 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፤ ለቡሄ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ደሴ ከጣሊያን እጅ በወጣች በዓመት ከሦስት ወሯ። ከተማዋ በጀርመን ጦር ተከባ ሕዝቡ በረሃብ አልቋል። መሪው ካርል ኤሊያስበርግ የሌኒንግራድ ሬዲዮን ኦርኬስትራ ለልምምድ ሲጠራ መምጣት የቻሉት አሥራ አምስት ያህል ነበሩ። ከግንባር ሙዚቀኛ ተፈልጎ ተሟላ። ኮንሰርቱም በየመንገዱ በተሰቀሉ ማጉያዎች ተሰማ፤ ወደ ጀርመኖቹ ምሽግም ጭምር ተለቀቀ።

ጓደኛዬ ግን አንድ ነገር ረሳ። የሶቪየት መድፈኞች ኮንሰርቱ እንዳይረበሽ ቀድመው የጀርመኖቹን መድፍ ደብድበው ዝም አሰኝተዋል። እሱ ስፒከሩን ሲከፍት ከጎኑ ያለውን የብሎኬት ማሽን ማን ዝም ያሰኝለታል?

በአንድ ነገር እረታለታለሁ። የኮምቦልቻ ሙቀት በሄድፎን ጆሮ ያልባል፤ ቀን ላይ ሃያ ደቂቃም አይቻልም። ማታ ይስማ። በደሴ ብርድ ግን ጆሮ ማሞቂያም ነው። ሚኒባስ ላይም ይሆናል፤ ወደ ኮምቦልቻ ስሄድ ከደሴ ስንነሳ ከከፈትኩት የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ከበሮዋ ሙሉ ጉልበቷ ላይ ናት። አንዴ መውረጃዬን አሳልፎኛል፤ ረዳቱ ሦስት ጊዜ ጠርቶኝ ነበር አሉ።

ስትገዙ ሙዚቃውን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ የሚከፍትላችሁን ዘፈን አትስሙ። ከበሮዋ የምትጀምርበት ላይ አድርጉና ድምፁን መካከለኛ ላይ ተዉት። ሱቅ ውስጥ እንደምንም ከተሰማች ቤት ውስጥ በደንብ ትሰማለች። ከዚያ ጃኩን ይዛችሁ ሽቦውን ወዲያ ወዲህ አጠፍ አጠፍ አድርጉ። አንዱ ጆሮ ብልጭ ድርግም ካለ ወይ 200 ብር አስቀንሱ ወይ ተዉት።

ስፒከሩን ለእማማ ሰጠኋቸው። ማብራት ላይ እንደተሰካ ጠዋት ጠዋት መንዙማ ይሰሙበታል፤ ለዚያ ደህና ነው። ብረቱ እኔ ዘንድ ቀረ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በሬን እንዳያላትመው አስደግፌበታለሁ።