ልጄን ሰው ማናገር ላስተማሩልኝ መምህርት

እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ጎረምሳ የምታሳድጉ ወላጆች፣ ይቺን አንብቡልኝ።

የዛሬ ሁለት ዓመት እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች። ስልኩን ያነሳው ያኔ 14 ዓመቱ የነበረው ልጄ ነው። «ሃይ፣ ምን ፈለግሽ?» አላት። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ ያሰበውን በአማርኛ ማለቱ ነው። እሷ ግን ዝም አለች። ስልኩን ስቀበለው ድምጿ ሌላ ሆኗል።

በዚያው ሰሞን ለቅሶ ቤት ይዤው ሄድኩ። ገና ከመቀመጡ የሟችን ወንድም «ምን ሆኖ ሞተ?» አለው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አማርኛ ይማር ብለን ቀደም ሲል ሌላ ቦታ ከፍለን ነበር። ፊደል አስቆጥረው መለሱልን። እኚህ መምህርት ግን ሌላ ናቸው። አዲስ አበባ ለረጅም ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ ሲሆኑ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጃቸው ቤት ቤዝመንት ውስጥ ስድስት ሰባት ልጆች ሰብስበው ያስተምራሉ። መጽሐፍ የለም፣ ካርድ ነው ያላቸው። አንዱ ላይ «ሀበሻ ሱቅ፣ ባለሱቋ ሥራ በዝቶባታል» ይላል፤ ሌላው ላይ «አራስ ጥየቃ»። ልጁ ካርድ ይስብና የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይናገራል። ሌላውን ሰው እሳቸው ይሆናሉ። ጆሮ የሚከብዳቸው አያት ሲሆኑ ማየት ነበረባችሁ! (እኔ በበር ክፍተት ነው ያየሁት፤ ወላጅ አያስገቡም።)

አንዷ ልጅ አራስ ቤት ገብታ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ስትል «ቤቱ የሙስሊም ቢሆንስ?» ብለው አስቆሟት። ለቅሶ ቤትን በአጭሩ ነው ያስተማሩት። ግባ፣ «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» በል፣ ተቀመጥ። ወሬውን ባለቤቶቹ ያንሱት።

ልጆቻችን «ፕሊስ»ን ሁሉ «እባክህ» እያሉ ይተረጉማሉ። እሱ ልመና ይመስላል፣ ጠበቅ ካለ ደግሞ ምሬት። አክብሮቱ ግሡ ውስጥ ነው ይላሉ እሳቸው፤ «እንጀራ ይስጡኝ» ካልክ በቂ ነው።

«እርስዎ» በሉ እያሉ ብቻ የሚያከርሩ መስሎኝ ነበር፤ ተሳስቻለሁ። ልጄ አያቱን «እርስዎ» እላለሁ ሲላቸው «አባትህ ምን ይላታል?» ብለው ወደ እኔ ላኩት። እኛ ቤት እናቴ «አንቺ» ናት። «እርስዎ» ብትባል ምን አስቀየምኳችሁ ብላ ታለቅሳለች።

ሥራቸው ለአማርኛ ብቻ አይደለም። ልጄ የሂሳብ አስተማሪውን የቤት ሥራ ቀን እንዲያራዝምለት ሊጠይቅ ሄዶ፣ የቤተሰብ ጤንነት ሲጠያይቅ ደወል ተደወለ። እሳቸው ሲነግራቸው በጣም ሳቁ። «እዚያ ተቃራኒው ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይኖርሃል ወይ በለውና ወደ ጉዳይህ ግባ» አሉት። ቀኑ ተራዘመለት።

እንከን የላቸውም አልልም። አሥር ደቂቃ ያረፈደ ልጅ አያስገቡም። እንደ እኔ ቤልትዌይ አውራ ጎዳና ላይ ለሚንገላታ ሰው ይሄ ግፍ ነው። ቤዝመንቱም ይበርዳል፣ ጃኬት አስይዟቸው።

ባለፈው እሑድ ማታ ልጄ ራሱ ደብረ ብርሃን ደወለ። እዚህ ልንተኛ ነው፣ እዚያ ነግቷል። «እንደምን አደርሽ እማዬ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ?» አላት። እናቴ በእኔ ስም ጠራችው።

መምህርት ሆይ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መስከረም ላይ ሁለት ልጅ እቀበላለሁ ብለዋል። የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። ስትደውሉ ሰላምታውን እንዳትዘሉት ግን። አንድ አባት ገና «ሃሎ» ሳይሉት «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ፣ እንደ አዲስ እንዲደውል አድርገውታል።