ጀጎልን ለተማሪ ጥናት በአስጎብኚ መቃኘት፦ አጭር ግምገማ

የክልልን ባህላዊ ቅርስ የሚያንጸባርቁ ሰፈሮችን እንዲያጠና ለታዘዘ ተማሪ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን በግንብ የታጠረ የሐረር ነባር ከተማ፣ ጀጎልን፣ በአካባቢው ተወላጅ አስጎብኚ እየተመራ መቃኘት ከሁሉ የተሻለ ምርጫ ነው እላለሁ። የአገልግሎቱ ትልቁ ጥቅም ተማሪው ብቻውን ሊዘልቀው ወደማይችለው የሐረሪዎች ባህላዊ ቤት፣ ማለትም ወደ ጌይ ጋር፣ በባለቤቶቹ ፈቃድ መግባት መቻሉ ነው። በዚያም ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች የተቀማጩን ዕድሜና ክብር እንዴት እንደሚያመለክቱ፣ ግድግዳውን የሞሉት ስፌቶች በሴቶች እጅ እንዴት እንደሚሠሩ፣ ነዋሪዎችም የመደቡን ቀይ ቀለም ምኒልክ ሐረርን ከያዙበት ከ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ጋር ለምን እንደሚያያይዙት ከቤቱ እናት አንደበት መስማት ይቻላል፤ ለጥናት ጽሑፍ ይህ ከማንኛውም ፎቶግራፍ ይበልጣል።

ልብስ ሰፊዎች የተደረደሩበት፣ መኪና ግርግር የተባለው ጎዳናም ጥሩ ነው። ቅር ያሰኘኝ አስጎብኚያችን በግንቡ አምስት ነባር በሮች በኩል በጥድፊያ ማለፉና ለፈረንሳዊው ባለቅኔ ለራምቦ መታሰቢያ ቤት ብዙ ሰዓት መስጠቱ ነው፤ ቤቱ ቢያምርም ስለ ሐረሪ ሰፈር የሚነግረው ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋውንና የሚጎበኙትን ስፍራዎች አስቀድሞ መስማማት፣ ሰው ፎቶ ከማንሳት በፊትም ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።