የዡልዬትን ንግግር በዛሬ አማርኛ ያስጻፍኩበት ቤት

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻ፣ ውልና የሰርግ ንግግር የሚያዘጋጅ አንድ የጽሕፈትና የትርጉም ቤት አለ፤ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። የሄድኩት የትምህርት ቤታችን የድራማ ክበብ ለዓመቱ መዝጊያ የመረጠውን የሼክስፒርን «ሮሜዎና ዡልዬት» የሰገነት ንግግር ዛሬ በምንናገረው አማርኛ እንዲያዘጋጁልኝ ነበር። የከበደ ሚካኤል ትርጉም መኖሩን አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ የአሥረኛ ክፍል ልጆች ሲሉት ግን ፍቅር የያዛቸው ሳይሆን የቃል ፈተና የገጠማቸው ይመስላሉ።

የመጀመሪያው ረቂቅ ገና ሲጀምር «ሮሜዎ፣ ሮሜዎ፣ የት ነህ?» ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1597 ለመጀመሪያ ጊዜ በታተመው በዚህ ተውኔት ዡልዬት የምትጠይቀው ልጁ ያለበትን ቦታ ሳይሆን፣ ከስም ሁሉ ለምን የጠላት ቤት ስም እንደደረሰው ነው፤ የድሮው የእንግሊዝኛ ቃል «የት» ከሚለው ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። አዘጋጁ ሳይከራከር «አብሽሩ፣ ነገ ይምጡ» አለኝ። ነገ የተባለው ሦስት ቀን ፈጀ።

ሁለተኛው ረቂቅ ግን ካሰኝ። «ምነው ሮሜዎ ባልሆንህ! የአባትህን ስም ተወው፤ ስም እጅ አይደል፣ እግር አይደል፣ ክንድም ፊትም አይደል» ይላል። የተውኔቱ ታሪክ የሚፈጸምባት የጣሊያን ከተማ የቬሮና ሰዎች ዓይነት የቤተሰብ ስም እኛ ዘንድ ስለሌለ በአባት ስም መተካቱ የባለሙያ ሥራ ነው፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጋብቶ፣ በአንድ ቤት የሁለቱም ሃይማኖት ስም በሚጠራበት ወሎ ደግሞ ንግግሩ ማብራሪያ አያሻውም። ዡልዬት በሌላ ስም ብትጠራም ሽታዋ ያው ነው የምትላትን ጽጌረዳ አውጥተው «አሪቲን ሌላ ስም ብናወጣላት ሽታዋ ይጠፋል?» ማለታቸው መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ተዋናይዋ ልጅ ጮክ ብላ ስታነበው ግን ቡና የተፈላበት ቤት የገባሁ ያህል ተሰማኝ።

ያልተቀበልኩት የጨረቃዋን ነገር ነው። ዡልዬት በየወሩ በምትለዋወጠው ጨረቃ እንዳይምልላት ስትለምነው፣ እነርሱ «በኔትወርክ አትማልልኝ፣ መጣ ሲሉት ይሄዳል» አሉት። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ወደ ፍቅሩ የሚመለስ አልነበረም። ዘመናዊ ማድረግ ማለት ያረጀውን ቃል መለወጥ እንጂ ዛሬም የምናውቀውን ነገር ማውጣት አይደለም፤ ረመዳን በደረሰ ቁጥር ሰው ሁሉ ወደ ሰማይ በሚያንጋጥጥበት አገር ጨረቃን ማን ረስቷት ነው? ያለ ተጨማሪ ክፍያ መልሰው አስገቡልኝ።

ለሁሉም 900 ብር ከፍያለሁ፤ ለድካሙ አይበዛም። የመጨረሻው ቅጂ ላይ ግን ስንኞቹን እንደ ውል አንቀጽ አያይዘው ስላተሟቸው፣ ትንፋሽ የሚወሰድበትን ቦታ በሃያ ሁለት ቅጂ ላይ በእስክርቢቶ ሳሰምር አመሸሁ።