ሁለት መስመር፣ አንድ መብራት

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ኮተቤ እናቴ ቤት አምስት ሳምንት ከርሜ ተመለስኩ። ለዕረፍት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን አልጽፍም ነበር። አለቃዬ ግን «የትም ሆነህ ሥራ፣ ስብሰባ ላይ ብቻ እንዳትጠፋ» ብሎ ነው የፈቀደልኝ። በክረምት የሜሪላንድና የአዲስ አበባ ልዩነት 7 ሰዓት ነው። እነሱ ጠዋት ሥራ ሲገቡ እኔ ጋ ከቀኑ 10 ሰዓት ይሆናል። የምጨርሰው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ነሐሴ፣ ማታ፣ ዝናብ። መብራትም ኢንተርኔትም መሄድ ሲያምራቸው የሚመርጡት ሰዓት።

ስለዚህ ሁለት መስመር ላስገባ ብዬ ቆረጥኩ። አንዱ በፋይበር፣ ሌላው በሲም ካርድ የሚሠራ የ4ጂ ራውተር። ዱሮ ይሄ ምርጫ አልነበረም። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ዓ.ም. ማብቂያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ እስኪጀምር ድረስ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን ነበር። የእኔ መስመሮች የማን የማን እንደሆኑ አልናገርም። የምገመግመው ሌሎቹን ነው፤ የሸጡልኝን፣ የገጠሙልኝን፣ ያቃጠልኩትን።

ካቃጠልኩት ልጀምር። ከአሜሪካ ሰርጅ ፕሮቴክተር ያለው ማከፋፈያ ይዤ ሄጄ ነበር። ዕቃዎቼን ከመብራት መዋዠቅ ያድንልኛል ብዬ። የተሠራው ግን ለ120 ቮልት ነው። የኢትዮጵያ መብራት 220 ነው። ሰካሁት፣ ጧ አለ፣ ጭስ። የራውተር ቻርጀሮች አብዛኞቹ ከ100 እስከ 240 ይላል፣ ችግር የለባቸውም። ማከፋፈያውን ግን ገልብጬ አላነበብኩትም። እናቴ ሽታውን ስትሰማ ከጓዳ ወጥታ «የእኔ ማከፋፈያ እኮ አለ፣ ምን አስቸኮለህ?» አለችኝ። ለራሴ ዜሮ።

ሲም ካርዱን ለማውጣት ፓስፖርቴንና ቢጫ ካርዴን ይዤ ሄድኩ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ልጅቷ ፓኬጁን ሞልታ፣ ራውተሩን ከፍታ፣ ሠርቶ አይታ ነው የሰጠችኝ። ሙሉ ነጥብ።

ሁለቱን መስመሮች የሚያጣምረውን ራውተር ከአሜሪካ ነው ይዤ የሄድኩት፤ የቲፒ ሊንክ ኢአር605። ትንሽ ናት፣ ዋጋዋም ከባድ አይደለም። የራሷ ዋይፋይ ግን የላትም፣ እሱን ለብቻ ማዘጋጀት ነው። የሰፈር ልጅ ኔትወርክ ይሠራል ተብሎ ተጠራልኝ። በፕላስቲክ ከረጢት መቆንጠጫ፣ መሞከሪያና የተጠቀለለ የላን ገመድ ይዞ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ እናቴ በዚያው ወደደችው።

መጀመሪያ ነገሩ እምቢ አለ። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ይሠራል። አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ ይሞታል። እኔ ዕቃው ተበላሽቷል ብዬ ነበር። ልጁ ሁለቱን ሳጥኖች ገልብጦ አየና ሳቀ። «ጋሼ፣ ግቢው ውስጥ ሁለት አበበ አለ። ስንጣራ ሁለቱም አቤት ይላሉ።» ሁለቱም ራሳቸውን 192.168.1.1 ብለው ነው የሚጠሩት። የ4ጂውን ወደ 192.168.2.1 ቀየረው፣ አለቀ። ከዚያ ቡፌ ውስጥ የነበረውን የ4ጂ ራውተር አውጥቶ መስኮት ላይ አስቀመጠው። የቆርቆሮ ጣሪያና የብሎኬት ግድግዳ ሲግናል ይበላሉ። ከአንድ ዘንግ ወደ አራት ዘንግ ወጣ። እኔ አንቴና ልገዛ ነበር።

ስህተት የሠራሁት ቀጥሎ ነው። ሁለቱም መስመር እኩል ይሥራ፣ ለምን አንዱ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል አልኩ። ልጁ «ይቅርብህ» አለኝ፣ አልሰማሁትም። የባንኬ ድረ ገጽ በየደቂቃው ያስወጣኝ ጀመር። አንዱ ጥያቄ በአንዱ መስመር፣ ቀጣዩ በሌላው ሲሄድበት ሁለት ሰው ይመስለዋል። በዚያ ላይ የእህቴ ልጅ ቲክቶክ የ4ጂውን ፓኬጅ በሦስት ቀን ጨረሰው። ስለዚህ ወደ ልጁ ምክር ተመለስን። ፋይበሩ ዋና፣ 4ጂው ተጠባባቂ። ተጠባባቂው ሲነሳ የእኔ ላፕቶፕና የእናቴ ስልክ ብቻ ያልፋሉ። የእህቴ ልጅ ለሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ሞከርነው። ከፋይበሩ ሞደም ወደ አጣማሪዋ ራውተር የሚሄደውን የላን ገመድ ነቀልን፣ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ 4ጂው ተረከበ። ጎሽ ተባባልን። የቡሄ ማታ፣ ልጆች በር ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ምስሉ ቆመ። መንገድ ሥራ ላይ ያለ ኤክስካቫተር ፋይበሩን በጥሶታል። ተጠባባቂው ግን አልተነሳም። ለምን? በሞደሙና በራውተሩ መሀል ያለው ገመድ እንደተሰካ ነዋ። ራውተሯ አረንጓዴውን መብራት አይታ ሰላም ነው ብላ ተቀምጣለች። በማግስቱ ልጁ መጥቶ መስመሩ መኖሩን ውጭ ድረስ እየላከች እንድትጠይቅ አደረጋት፤ የጉግልን አድራሻ 8.8.8.8ን በየጊዜው ትጣራለች፣ መልስ ካጣች ትቀይራለች። ይሄን የምታስገጥሙ ሁሉ፣ ስትሞክሩ የላኑን ገመድ አትንቀሉ። ከግድግዳው የሚመጣውን ፋይበር ንቀሉ።

ከዚያ መብራት ሄደ። ሁለት መስመር አለኝ ብዬ የኮራሁት ሰውዬ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሦስት የሞቱ ሳጥኖች አየሁ። ለካ ሁለቱም የሚበሉት ከአንድ ማከፋፈያ ነው።

መርካቶ ሄጄ ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ፣ ገዛሁ። ስሙን የማልጠራው ሱቅ። ካርቶኑ 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ይላል። በ3.7 ቮልት ሲባዛ 37 ዋት ሰዓት ነው። ሦስቱ ሳጥኖች አንድ ላይ ወደ 20 ዋት ይጠጣሉ። የሚባክነው ተቀንሶ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል ብዬ አሰብኩ። 25 ደቂቃ። መልሼ ወሰድኩት። ሰውዬው ቃል አልተነፈሰም፣ ከኋላው የተለጠፈውን በአገጩ አሳየኝ። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ማንበብ የማልችል መስዬው ደግሞ በጣቱም ነካው። ዜሮ፣ ከዜሮም በታች ካለ።

ልጁ የሶላር ዕቃ ከሚሸጡበት 12 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ፣ ቻርጀርና ቮልቴጅ ማስተካከያ ገዛልኝ። በወረቀት 240 ዋት ሰዓት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል፣ ስለዚህ ስድስት ሰዓት ያህል። አንድ ማታ ከ12 ሰዓት ጀምሮ ሰፈሩ ጨለማ ሆኖ እኔ በሻማ ብርሃን እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ። በጣም ረጅም ሲሆን የሞባይል ማማውም ባትሪው ሊያልቅ ይችላል፣ እሱን የምናደርገው ነገር የለም። ለልጁ ከጠየቀው ላይ ጨምሬ ስሰጠው አልቀበልም ብሎ በእናቴ በኩል ነው የተቀበለው።

ከመሄዴ በፊት በየሳጥኑ ላይ በወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ፤ «ፋይበር»፣ «ሲም»፣ «አይነቀል»። ባለፈው እሁድ እናቴን በቪዲዮ ሳወራት ሳጥኖቹ አልታዩኝም። የት ሄዱ አልኳት። ስልኩን አዞረችው። በነጭ ዳንቴል አልብሳቸዋለች። «እማዬ፣ ይግላሉ እኮ፣ አንሺው» አልኳት።

«አቧራ ይግባባቸው?» አለችኝ።